የወራት ቃል ኪዳን

እኛ ኅዳር 21 ቀን ጽዮን ማርያምን ስናከብር የካሪቢያን ደሴቶች የአውሎ ነፋስ ወቅታቸውን ይዘጋሉ። ወቅቱ በይፋ የሚከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 1፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን ነው፤ የሚዘጋው ኖቬምበር 30፣ በጽዮን ዕለት። የብዙ ዓመት መዝገብ ተደምሮ ሲታይ፣ አትላንቲክ ላይ አውሎ ነፋስ እጅግ የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ያ ቀን ጳጉሜ 5 ነው፤ አገር ቤት ችቦ የሚለኮስበት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

እኔ የምኖረው በሁለቱም አቆጣጠር ነው። የተወለድኩት ጎጃም ነው። ባሕረ ሐሳብን ከአባቴ ከቄሱ ተማርኩ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ አጠናሁ። ዛሬ ጃማይካ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እሑድ እሑድ በዲቁና አገለግላለሁ። ስለዚህ ጥያቄ ከሁለት ወገን ይመጣብኛል። ተማሪዎቼ ዝናብ በየትኛው ወር ለምን እንደሚበዛ ይጠይቁኛል። ምእመናኑ ደግሞ ነፋሱን ማን እንደሚልከው፣ ለምን እንደሚልከው ይጠይቁኛል። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ሲመለሱ ሁለቱም መልሶች ጎደሎ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ አብሬ የማነሳቸውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ አጥርተው ያቀረቡልኝ አንዲት የደብራችን አዛውንት ናቸው። ጃማይካዊት ናቸው፤ እኔ ግን እንደ አገሬ ልማድ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይወዱታል። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲገቡ እማማ ልጅ ነበሩ፤ ከእናታቸው ጋር አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከጎረፈው ሕዝብ መካከል ቆመዋል። በቦታው የነበሩ ሰዎች ሲናገሩ፣ ሲዘንብ ቆይቶ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰማዩ እንደጠራ ይተርካሉ። ሰዉ ዝናቡንም ፀሐዩንም በረከት ብሎ ተቀበለ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ጊልበርት የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከምሥራቅ ጫፏ እስከ ምዕራብ ጫፏ አቋረጣት። 45 ሰዎች ሞቱ። የእማማም ቤት ጣሪያውን አጣ።

«ዲያቆን» አሉኝ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ «ንጉሡ ሲመጡ ለዘነበው ዝናብ እግዚአብሔርን አመሰገንን። ስለ ጊልበርትስ ምን እንበለው? ዝናቡ የእሱ ከሆነ ነፋሱ የማን ነው?»

መልሱን ከወራቱ እጀምራለሁ። የጃማይካ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። የካቲትና መጋቢት ደረቅ ናቸው። ከሚያዝያ ማብቂያ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል፤ በልግ በሚዘራበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሐምሌ ላይ ግን፣ አገር ቤት ሰማዩ በሚቀደድበት ወር፣ እዚህ ዝናቡ ያፈገፍጋል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የተንሰራፋው ከፍተኛ የአየር ግፊት ይበረታል፤ የምሥራቁ ነፋስ ይፈጥናል፤ ከሰሃራ የተነሳ አቧራ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሰማዩን ያደበዝዘዋል፣ ደመና እንዳይጠነክርም አየሩን ያደርቀዋል። ከነሐሴ ጀምሮ ዝናቡ ይመለሳል፤ ጥቅምት ላይ ከወራቱ ሁሉ ይበልጣል።

ለዚህ ምክንያቱ ባሕሩ ነው። ባሕር እንደ የብስ ቶሎ አይሞቅም፤ በሰኔ የጠጣውን ፀሐይ የሚመልሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። የውሃው ሙቀት ከ26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ፣ ሙቀቱም ከላይ ብቻ ሳይቀር ጠለቅ ሲል፣ በላዩ የሚያልፈው ደመና ጉልበት ያገኛል። ከእነዚህ ደመናዎች አብዛኞቹ ዝናባቸውን ሰጥተው ያልፋሉ። ጥቂቶቹ፣ ከታችና ከላይ ያለው ነፋስ ካልበታተናቸው፣ መሽከርከር ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኪንግስተን የምትጠጣው ውሃ የሚጠራቀመው በሞናና በሄርሚቴጅ ግድቦች ነው። በመስከረምና በጥቅምት በደንብ ካልዘነበ የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃ በፈረቃ ይሆናል፤ ሰው በጓሮው ባቆመው ጥቁር ሮቶ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የደሴቲቱ ሰው በዓመቱ ውስጥ አጥብቆ የሚለምነው ዝናብና አጥብቆ የሚፈራው ነፋስ የሚመጡት በአንድ ወር፣ በአንድ ባሕር ላይ፣ በአንድ መንገድ ነው። አንዱን እንካ፣ ሌላውን መልስ ማለት አይቻልም። የሰማዩን ሥራ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ምሕረት፣ ግማሹን ቁጣ ብሎ የሚጠራ ስብከት ከዚህ ደሴት ሰማይ ጋር አይስማማም።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ጉዳዩ ከሚያስበው በላይ ቅርቡ ነው። በክረምት ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ የሚነጉድ የአየር ሞገድ አለ። ከሚነሳባቸው ስፍራዎች መካከል የእኛ ደጋና የዳርፉር ተራሮች ይገኛሉ። በዓመት ወደ 60 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሞገዶች ሱዳንን፣ ቻድን፣ ማሊን አልፈው ሴኔጋል አካባቢ ወደ አትላንቲክ ይወጣሉ። እጅግ ኃይለኛ ከሆኑት የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች 85 በመቶ ያህሉ የሚወለዱት ከእነዚህ ሞገዶች ነው። በፈረንጆቹ 2000 ኦገስት ውስጥ አትላንቲክ ላይ ሲዞር የሰነበተውን አልቤርቶ የተባለውን አውሎ ነፋስ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ሲከተሉት የደረሱት የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ወደተነሳ ነጎድጓዳማ ደመና ነበር።

ጳጉሜ 3 ቀን በሩፋኤል ዕለት የሚጥለውን ዝናብ እንደ ጠበል ቆጥረን፣ ልጅ ሆነን ልብሳችንን አውልቀን የሮጥንበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን ዝናብ የጣለው ሰማይ ሁለት ሦስት ሳምንት ተጉዞ የሌላ እናት ጣሪያ ላይ ሊደርስ ይችላል። ለእኔ ይህ ከሳይንስ ዕውቀት በላይ ነው። የእኛ በረከትና የእማማ መከራ አንድ ግንድ ሊኖራቸው እንደሚችል ካወቅሁ በኋላ፣ «እኛን ባረከን፣ እነሱን ቀጣቸው» የሚለውን ቃል አፌ እሺ ብሎ አይናገረውም።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥረዋለች፤ በውስጡም ክፍሎች አሉት። ከነሐሴ 10 ገደማ እስከ ወሩ ማብቂያ አካባቢ ያለው ክፍል ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል፦ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን። ምግባቸውን ከፈጣሪ የሚጠብቁ ፍጥረታት ሁሉ የሚታሰቡበት ጊዜ ነው። አባቶቻችን ስለ ካሪቢያን አያውቁም ነበር። ነገር ግን ደሴቶችን ከቁራ ጫጩት ጎን አስቀምጠው፣ አቅም እንደሌለውና እንደሚጠብቅ ፍጥረት፣ እንድናስባቸው ያዘዙን ሳምንታት የአትላንቲክ ባሕር መፍላት የሚጀምርባቸው ሳምንታት ናቸው። በነሐሴ 11 ቀን 1943 ዓ.ም. ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን መትቶ ከ150 በላይ ሰው ሲገድል፣ አገር ቤት ይህ ክፍል ገና መግባቱ ነበር። እኔ ይህን እንደ ትንቢት አልቆጥረውም። ግን በዚያ ሰሞን በማኅሌት ቆሜ ደሴቶችን ስሰማ፣ የማስባቸው ሰዎች ፊትና የቤት ቁጥር አላቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ከእያንዳንዱ አውሎ ነፋስ በኋላ አንድ ሰባኪ ይነሳና የወደቀው ጣሪያ የኃጢአት ዋጋ ነው ይላል። በእኛም ዘንድ አለ፤ ድርቅ ሲመጣ፣ ጎርፍ ሲወስድ፣ አንበጣ ሲወርድ ምክንያቱን በሟቾች ላይ የሚጭን አንደበት አይጠፋም። ይህ ሐሳብ ከየትም የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ዝናብ ከመታዘዝ ጋር ታስሯል። በኤልያስ ዘመን ሰማይ ተዘግቷል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲባርክ ዝናብ የተከለከለ ሕዝብ ወደዚያ ቤት ዞሮ እንዲጸልይ ለምኗል። ይህን ሁሉ እንዳላነበበ ሰው ልናልፈው አንችልም።

ነገር ግን እነዚህን ታሪኮች አስተውሎ ያነበበ ሰው አንድ ሥርዓት ያገኝባቸዋል፦ ቃሉ ሁልጊዜ ከመከራው ይቀድማል። ኖኅ ዝናቡ ሳይጥል መርከብ እንዲሠራ ተነገረው። ኤልያስ ድርቁን ለአክዓብ ፊት ለፊት ነገረው፤ የተናገረውም ለራሱ ንጉሥና ለራሱ ሕዝብ ነበር። ዮናስ ለነነዌ የመመለሻ ቀን ሰጣት፤ ተመለሰችም፣ ዳነችም። ከመከራው በኋላ መጥቶ በሬሳ ላይ ምክንያት የሚደረድር ነቢይ ግን በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የለም። ያንን ሲሠሩ የምናገኛቸው የኢዮብ ወዳጆች ናቸው፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቆጣው በእነሱ ነው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ይበልጥ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ ቆርጦ ጥሎታል።

የጃማይካዋን የሴንት ኤሊዛቤት አውራጃ ገበሬዎች የሚያውቅ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። አውራጃው በደቡብ በኩል ደረቅና ቀይ አፈር ነው፤ ግን የደሴቲቱ የጓሮ አትክልት የሚመጣው ከዚያ ነው። የአንድ ተማሪዬ አባት እንዴት እንደሚያርስ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጊኒ ግራስ የሚሉትን ረጅም ሣር ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ መሬቱን እንደ ጉዝጓዝ ጥቅጥቅ አድርጎ ያለብሰዋል። ከዚያ በሣሩ መካከል በጣቱ ክፍተት እያበጀ የቅጠል ሽንኩርቱንና ጦስኙን ይተክላል። ሣሩ ፀሐዩን ከአፈሩ ይከላከላል፤ ማለዳ የወረደው ጤዛ እንኳ አይባክንም። እጁን ከሣሩ ሥር አስገብቶ እርጥቡን አፈር አውጥቶ ሲያሳየኝ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት የትጉህ ሰው ኩራት ነው።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዘመነ ክረምት በሚገባበት ቀን፣ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ደቡብ ጠረፍ አጠገብ አለፈ። ማሳው ተነቀለ። ሰውየው እንደገና ሣር አጨደ፣ እንደገና ተከለ። 16 ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሜሊሳ መጣ፤ ጃማይካን ከመቱት ሁሉ በመዝገብ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ፣ በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነጉድ ነፋስ። በዌስትሞርላንድ አውራጃ ጠረፍ ገባ፤ የሴንት ኤሊዛቤትን ዋና ከተማ ብላክ ሪቨርን ደመሰሳት። ነፋሱ ኃጢአትን የሚመዝን ቢሆን ኖሮ ጤዛ የሚያከማች ገበሬ ሁለት ጊዜ ባልተመታ ነበር።

ዝናቡም እንዲሁ በጽድቅ አይከፋፈልም። ከፍታው 2,256 ሜትር የሆነው ብሉ ማውንቴን ከምሥራቅ የሚመጣውን ደመና ያግደዋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ተራራ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድበታል፤ ከተራራው ጀርባ ያለችው ኪንግስተን 1,000 እንኳ አትሞላም። ይህን ያደረገው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። መጽሐፈ ኢዮብም ይህን ያውቃል። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ለኢዮብ ሲናገር፣ ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ላይ ስለሚያዘንበው ዝናብ ይጠይቀዋል። ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያመሰግንበት ዝናብ። ያ ዝናብ ደመወዝም ቅጣትም ሊሆን አይችልም፤ ሊከፈለው የሚችል ሰው በቦታው የለም።

ታዲያ እግዚአብሔር ከወራቱ ጋር ምን ጉዳይ አለው? እኔ መልሱን የማገኘው ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ ከተገባው ቃል ነው። ያ ቃል የዘርና የመከር ጊዜ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት በምድር ዘመን ሁሉ እንደማይቋረጡ ይናገራል። ቃሉ ነፋስ አይነካችሁም አይልም። ቤታችሁ አይፈርስም አይልም። የሚለው ወራት በተራቸው ይመጣሉ ነው። ለሰው ልጅ የተገባለት ቃል ሥርዓት ነው፤ ከለላ አይደለም።

ይህ ትንሽ ስጦታ ይመስላል። አይደለም። ወራት በተራቸው ስለሚመጡ ነው ገበሬ የሚዘራው፤ ወራት በተራቸው ስለሚመጡ ነው የደሴት ልጆች የአውሎ ነፋሱን ወራት ከነጠባያቸው ገና በልጅነታቸው በዜማ የሚማሩት። ሃቫና ውስጥ ቤኒቶ ቪኜስ የተባሉ የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ፤ በፈረንጆቹ 1870 የቤሌን ኮሌጅን የአየር ጠባይ ማዕከል ተረክበው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰማዩን መዘገቡ። እጅግ ከፍ ብለው የሚዘረጉት ስስ ደመናዎች ወዴት አቅጣጫ እንደሚሰበሰቡ እያዩ፣ ገና ያልታየ አውሎ ነፋስ እምብርት የት እንዳለ ያመለክቱ ነበር። በሴፕቴምበር 1875 ለኩባ ሕዝብ ያወጡት ማስጠንቀቂያ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነው። እኒህ ካህን ጸሎታቸውንና መዝገባቸውን አላጣሉም። ወራት ሥርዓት እንዳላቸው ማመናቸው ሥርዓቱን እንዲፈልጉት አደረጋቸው፤ ስላገኙትም ቃሉ ከመከራው ቀደመ።

ዛሬ ያ ቃል ከማያሚ የአውሎ ነፋስ ማዕከልና ከየደሴቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በየስድስት ሰዓቱ፣ ሲቃረብም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ፣ ይነገራል። ሜሊሳ እንደሚበረታ ቀናት ቀድሞ ተነግሮ ነበር። ይህን ትንበያ ለኖኅ ከተነገረው ቃል ጋር እኩል አላደርገውም። ግን ቀድሞ የሚነገርን ቃል ሰምቶ አለመንቀሳቀስ ምን ዓይነት በደል እንደሆነ ከኖኅ ጎረቤቶች ተምረናል።

እዚህ ላይ ነው የሥነ መለኮቱ ጥያቄ መልኩን የሚቀይረው። ድንገት የመጣ መከራ «አምላኬ፣ ለምን?» ያሰኛል። የቀን መቁጠሪያ ያለው መከራ ግን ጥያቄውን ከፊሉን ወደ እኛ ይመልሰዋል። ወራጅን ከግድግዳ ጋር የምታስር የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ማሰሪያ አለች። ዋጋዋ ጥቂት ነው። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ጣሪያን የሚያነሳው በአብዛኛው ከሥር የሚገባውና ከላይ የሚስበው ነፋስ ነው፤ ሚስማር ብቻ የያዘው ወራጅ ይነቀላል፣ በማሰሪያ የተያዘው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በአንድ መንደር ውስጥ የቆሙ ሁለት ቤቶችን አይቻለሁ፦ አንዱ ቆርቆሮው ተጠቅልሎ ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ሌላው ከነክዳኑ ቆሟል። በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ይጸለይ ነበር። የለያቸው ያቺ ብረት ነበረች፤ ብረቷን ደግሞ የወሰናት ገንዘብ ነበር። እንግዲህ የድሃው ጣሪያ ሲሄድ ፍርዱ በማን ላይ ነው? ቤቱን ባጣው ላይ ወይስ ግንቦትን ሙሉ ማሰሪያ መግዛት እየቻልን ባልገዛንለት ላይ?

ሄይቲ ይህን ይበልጥ መራራ አድርጋ ታሳያለች። ሜሊሳ ሄይቲን በነፋሱ አልመታትም፤ እምብርቱ ከእሷ ርቆ ነበር ያለፈው። ነገር ግን ቀስ እያለ ሲሄድ ቀናት ሙሉ ዘነበባት፤ ፔቲ ጎዋቭ ላይ ወንዝ ሞልቶ ከ20 በላይ ሰው ወሰደ። የገደለው ዝናብ ነው፤ ያው የምንለምነው ዝናብ። ዛፍ በሌለው ተዳፋትና በወንዝ አፋፍ ላይ፣ ሌላ ቦታ ስለሌላቸው የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሲወርድ ነው ሞት የሆነው።

ወራቱን ራሳቸውን መንካት ደግሞ ሌላ በደል ነው። ቤሪል ወደ ላይኛው፣ አምስተኛው ደረጃ የደረሰው ጁላይ ገና ሲገባ ነበር፤ በአትላንቲክ መዝገብ እንዲህ ቀድሞ የደረሰ የለም። ባሕሩ በሰኔ የመስከረምን ያህል ሞቆ ነበርና። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዝናቡም ይከብዳል። ለዚህ ሙቀት ምክንያት ከሆነው ጭስ የእነዚህ ደሴቶች ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ የእኛም የኢትዮጵያ እንዲሁ። በቃል ኪዳን የተሰጠንን የወራት ሥርዓት ሰው ሲያናጋው ኃጢአት አለ፤ ይህን ለማለት አልፈራም። ነገር ግን ኃጢአቱን የሠራው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። ይህን ፍርድ ብሎ የሚጠራ ሰው እግዚአብሔርን ፍትሕ የማያውቅ ዳኛ ያደርገዋል።

የምንጸልይበትም መንገድ መመርመር አለበት። በ1997 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ኢቫን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በቀጥታ ወደ ጃማይካ ሲገሰግስ፣ ጥቂት ሲቀረው መንገዱን ወደ ምዕራብ አጠፈ። ነፋሱና ጎርፉ ሰው ቢገድልም፣ እምብርቱ ደሴቲቱን አልረገጠም። አብያተ ክርስቲያናት በምስጋና ተሞሉ። በማግስቱ ግን ያው ነፋስ ግራንድ ኬይማንን አወደመ። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ግሬናዳን አፍርሶ ነበር የመጣው። ሜሊሳም ከጃማይካ ወጥቶ በማግስቱ ኩባ ገባ። ባሕሩ ጠባብ ነው፤ ከእኛ የዞረ ሁሉ ወደ ሰው ነው የሚዞረው። «ጌታ ሆይ፣ ከእኛ መልሰው» የሚለው ጸሎት የሚናገረው ሰው ሳያስበው የጎረቤቱን ስም በውስጡ ይይዛል። እኔ ያንን ጸሎት ትቼዋለሁ። የምለምነው እንዲዳከም፣ ባሕር ላይ ዝናቡን ጨርሶ እንዲበተን፣ ከተመታን ደግሞ ማንም ብቻውን እንዳይቀር ነው። ከዳንን ምስጋናችን በዚያው ሳምንት ወደ ተመታው ደሴት የሚሄድ ቆርቆሮና ውሃ ሆኖ ካልታየ፣ ባመለጥነው ነገር ብቻ መደሰት ይሆንብናል።

የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች በዚህ ረገድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው። ጁላይ ላይ፣ በአራተኛው ሰኞ፣ የአውሎ ነፋስ ምልጃ ቀን አላቸው፤ ኦክቶበር ላይ ደግሞ የምስጋና ቀን። በምሕላ ከፍተው በምስጋና ይዘጋሉ። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማና ማሪያ በሁለት ሳምንት ልዩነት ደሴቶቹን ሲያፈራርሱ፣ የምስጋናው ወር ገና መቅረቡ ነበር። ጣሪያ የሌለው ሰው በጥቅምት ምን ብሎ ያመሰግናል? ለነፋሱ አያመሰግንም፤ ያንን ከማንም መጠየቅ ጭካኔ ነው። የሚያመሰግነው ወሩ ስላለፈና የሚቀጥለው ወር ስለመጣ፣ ምድርም ሥርዓቷን ስላልለቀቀች ነው ብዬ እረዳለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የማይመለስ ነገር ይቀራል። ማሰሪያው ታስሮ፣ ትንበያው ተሰምቶ፣ መጠለያ ተገብቶም የሚሞት ሕፃን አለ። የኢዮብ ልጆች የሞቱት ከምድረ በዳ የተነሳ ታላቅ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን ስለመታ ነው፤ በኋላ እግዚአብሔር ለኢዮብ የተናገረውም ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ነው። ከዚያ ንግግር ውስጥ ልጆቹ ለምን እንደሞቱ የሚናገር አንድም ቃል የለም። እግዚአብሔር ያልሰጠውን ምክንያት እኔ ዲያቆኑ ልሰጥ አልችልም። ከዚያ ሕፃን እናት ጋር የማለቅሰው፣ ማስረዳት ማለት ለሁለተኛ ጊዜ መምታት እንደሆነ ስለማምን ነው።

ለእማማ የመለስኩላቸውም ይህንኑ ነው። «ነፋሱም የእሱ ነው፣ እማማ፤ ፍጥረቱ ነውና። ነገር ግን በእርስዎ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ አይደለም። ለእኛ ለተረፍነው ግን ትእዛዝ አለበት።» እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ትእዛዙን ለሰዉ ንገረው እንጂ እኔንማ ምን ታጽናናኛለህ» አሉኝ።

እነሆ እየተናገርኩ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት፣ በደብራችን ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ እናደርጋለን። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ጣሪያ በሚስማር ብቻ እንደቆመ፣ የትኛው የጎርፍ መውረጃ በቆሻሻ እንደተደፈነ እንመዘግባለን። ወጣቶቹ መሰላል ይዘው ይሄዳሉ። አገር ቤትም ጎርፍ የሚወስዳቸው ሰፈሮች፣ በልግ የሚቀርባቸው አውራጃዎች ይታወቃሉ፤ ወራታቸውም ይታወቃል። በየደብሩ ምሕላ ሲታወጅ አብሮ አካፋና የእህል ቋት ይታወጅ። ወራትን የማወቅ ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳቡም ሜትሮሎጂውም፣ ለበዓል ማውጫ ብቻ የተሰጠን አይደለም። ግንቦት ላይ አጥብቆ የሚያስተምር ካህን ጥቅምት ላይ የሚቀብረው ሰው ያንሳል።